80 ዲኤፍ ካም ኢንዴክሰር፦ አንዱን በ19 ወር ገደልነው፣ ሁለተኛው 14 ወር ሆኖታል

ስለ ስልክ፣ ስለ ቲቪ፣ ስለ ኤር ፍራየር ሪቪው የሚጽፍ ሞልቷል፣ ፋብሪካ ውስጥ ቀን ከሌት አብረነው ስለምንውለው ዕቃ ግን በአማርኛ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም፣ እና ዛሬ እኔ ልሞክር። ዕቃው ካም ኢንዴክሰር ይባላል፣ ሞዴሉ 80 ዲኤፍ፣ የቻይና ስሪት። ብራንዱን ትቼዋለሁ ምክንያቱም ይሄንኑ ሞዴል በዚሁ ስም በዚሁ ልክ የሚሠሩት ብዙ ናቸው፣ እና ደግሞ ነገሬ ከብራንዱ ጋር አይደለም። አንድ አይነት ዕቃ ሁለት ጊዜ ገዝተን የመጀመሪያው በ19 ወሩ ሞተ፣ ሁለተኛው 14 ወር ሠርቶ ገና ድምፁ እንኳን አልተቀየረም። ለምን እንደሆነ ነው የምነግራችሁ።

እኔ ሰበታ በኩል ያለ የእርጎ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ቴክኒሻን ነኝ (ኦፕሬተሮቹ ኢንጂነር ይሉኛል፣ ደሞዙ ግን አልሰማም)። ማሽናችን ክብ ጠረጴዛ ያለው ባለ 8 ጣቢያ የኩባያ መሙያና ማሸጊያ ነው፣ አንዱ ጋ ባዶ ኩባያ ይወርዳል፣ ቀጥሎ እርጎ ይሞላል፣ ቀጥሎ ፎይል ይቀመጣል፣ ቀጥሎ የጋለ ራስ ወርዶ ያሽገዋል፣ ቀን ይመታበታል፣ ከዛ ይወጣል። ጠረጴዛው 45 ዲግሪ ይሄዳል ይቆማል፣ 45 ይሄዳል ይቆማል፣ ሙሉ ቀን እንዲሁ ነው። ሞተሩ ግን አይቆምም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ያንን የማያቋርጥ ዙር ወደ "ሂድ፣ ቁም" የሚቀይረው ከጠረጴዛው ስር ያለው ሳጥን ነው፣ እሱ ነው ኢንዴክሰሩ።

ውስጡን ከፍቶ ያየ ሰው ይወደዋል። መሃሉ ሰርጎድ ያለ ወፍራም ብረት አለ፣ ካሙ እሱ ነው፣ ዙሪያውን እንደ እባብ የተጠመጠመ ግድግዳ ተቀርጾበታል። ከላይ ካለው ተሽከርካሪ ደግሞ ሮለሮች እንደ ጣት ወጥተው ያንን ግድግዳ ግራና ቀኝ ጨብጠው ይይዙታል። ግድግዳው ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ካሙ ቢዞርም ጠረጴዛው ፍንክች አይልም፣ ግድግዳው የታጠፈበት ቦታ ሲደርስ ሮለሮቹ ይገፉና ጠረጴዛው ይሄዳል። በቃ ይሄው ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ የለበትም፣ ፕሮግራም የለበትም፣ ብረት ነው። እኛ ጋ ከካሙ አንድ ሙሉ ዙር 120 ዲግሪው መሄጃ 240ው መቆሚያ ነው። ሞተሩ 0.75 ኪሎዋት ባለ 1400 ዙር፣ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው ሪድዩሰር 1 ለ 60፣ ስለዚህ በደቂቃ 23 ጊዜ ገደማ ይመታል፣ አንዱ ምት 2.6 ሰከንድ መሆኑ ነው፣ ከዛ ውስጥ 0.86ቱ ጉዞ ቀሪው መቆሚያ። ስሙ ላይ ያለው 80 በመግቢያው ሻፍትና በመውጫው መሃል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ነው፣ ዲኤፍ ማለት ደግሞ መውጫው ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ክብ) የሆነ ማለት ነው፣ ዲኤስ ካያችሁ ሻፍት ነው፣ ዲቲ ካያችሁ ከባድ ጠረጴዛ የሚሸከም ሰፊ መድረክ ያለው ነው። ይሄን ሳያውቅ "80 ነው የምፈልገው" ብሎ አዝዞ ሻፍት የመጣለት ሰው አውቃለሁ።

ፋብሪካችን ውስጥ ሌላ አሮጌ ማሽን አለ፣ እሱ በማልታ መስቀል ነው የሚሄደው፣ ጄኔቫ የሚሉት፣ የድሮ የሲኒማ ፕሮጀክተር ፊልሙን ፍሬም በፍሬም የሚጎትትበት ማለት ነው። እሱም ይሠራል ግን ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ጠረጴዛው ድንገት ስለሚነጠቅ ቷ ቷ ይላል፣ ፈጠን ካደረጋችሁት እርጎው ከኩባያው ይዘላል። ካሙ ግን ቀስ ብሎ ይነሳል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል። ልዩነቱን ለማየት ሁለቱ ማሽን ላይ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ማስቀመጥ ነው።

እሺ የመጀመሪያው እንዴት ሞተ። ማሽኑ ሐምሌ 2014 ገባ፣ የካቲት 2016 ላይ ጠረጴዛው ሲቆም መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዛ በየምቱ መጀመሪያና መጨረሻ ጓ የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዛ የማሸጊያው ራስ ኩባያው ላይ ጠምዘዝ ብሎ ማረፍ ጀመረ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በእጄ ሳወዛውዘው 3 ሚሊሜትር ይጫወታል። የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ስፈታው የወጣው ነገር ዘይት አይደለም፣ ማኪያቶ ነው። እውነቴን ነው፣ ሲኒ ውስጥ ብቀዳው የሚጠጣ ሰው ይገኝ ነበር። ከስሩ የብረት ዱቄት እንደ ቡና አተላ ተኝቷል። ስንከፍተው ከሮለሮቹ ሁለቱ ኩሽኔታቸው ጨርሶ ደርቀዋል፣ አንዱ ተሰብሯል፣ የካሙ ግድግዳ ደግሞ ጉዞው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ተፈልፍሏል።

አለቃችን "ምን ችግር አለው ቶርኖ ቤት ውሰደው" አለ። ወሰድኩት። ቶርኖ ቤቱ ጎበዝ ነው፣ ፑሌ በሉት ሻፍት በሉት ከእሱ በላይ የለም፣ ግን ይሄ ግድግዳ በዓይን የሚቀረጽ አይደለም፣ ኩርባው በሂሳብ ተሰልቶ በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ መቅረጫ) ነው የሚወጣው፣ ከዛ ይጠነክራል ከዛ ይሞረዳል። በብየዳ ሞልተው ሞረዱልኝ፣ ሦስት ቀን ሠራ፣ በአራተኛው ቀን ከበፊቱ ብሶ መጣ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ የእኔ ነው፣ እንቢ ማለት ነበረብኝ። ካሙ ከተፈለፈለ ያው ሳጥኑ አለቀ ማለት ነው። ሮለር ብቻ ከሆነ የሄደው ግን ይቀየራል።

አዲሱ ግንቦት 2016 ደረሰ፣ ማለትም ሦስት ወር ኩባያ በእጅ ሞላን። ዋጋውን ብነግራችሁ ጥቅም የለውም ምክንያቱም የገዛነው የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከመለቀቁ ሁለት ወር በፊት ነው፣ ያ ዋጋ አሁን ተረት ነው። ያስመጣልን አስመጪ ዕቃውን በሰዓቱ አመጣ ለእሱ ምስጋና ይድረሰው፣ ግን "ወንድሜ የመቀየሪያ ሮለር ኦይል ሲል ምናምን አብሮ አለው?" ስለው "ኧረ ይሄ አይበላሽም" አለኝ። አይበላሽም! አሮጌው ማኪያቶ አፍስሶ ቢሮዬ ጥግ ተቀምጦ እያየሁት።

አሁን ወደ ዋናው። አሮጌውን ምን ገደለው ብዬ ሦስቱን ወር ሙሉ ሳስብ ነበር፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ። አንድ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ውሃው። የእርጎ ማሽን ስለሆነ በየሺፍቱ ይታጠባል፣ ልጆቹ ደግሞ ሲያጥቡ በፕሬሸር ጎማ ከስር ወደ ላይ ነው የሚረጩት። ሳጥኑ ሲሠራ ውሎ ሞቋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ከውጭ ይስባል፣ የሚስበው ደግሞ በመተንፈሻው ብሎንና በኦይል ሲሉ (ሻፍቱ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ከንፈር በኩል ነው፣ ያኔ እዛ ያለው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ጠብታ ጠብታ እያለ 19 ወር ቁጠሩት። ለአዲሱ ከላሜራ ቀሚስ ሠራንለት፣ መተንፈሻውን በቀጭን ጎማ ወደ ላይ ስበን ጫፉን የኤሌክትሪክ ሳጥኑ አጠገብ ደረቅ ቦታ አሰርነው፣ ከታጠበም ማሽኑ ቆሞ ሃያ ደቂቃ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ብለን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። የላሜራው ቀሚስ ወጪ ከሳጥኑ ጋር ሲነጻጸር ሻይ ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ዝም ብሎ የሚቆም ይመስለዋል። የእኛ ሞተር ሲመጣ ብሬክ ያለው ነበር፣ ያ ብሬክ ደግሞ መብራት ሲኖር የሚከፈት ሲጠፋ በስፕሪንግ ጠርቅሞ የሚይዝ አይነት ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው በጉዞው መሃል ፈጥኖ እያለ መብራት ሄደ ማለት ካሙ ቀጥ አለ፣ ጠረጴዛው ግን ከነኩባያው ከነእርጎው መሄድ ይፈልጋል፣ ያ ሁሉ ግፊት ሁለት ሮለር ላይ ያርፋል። ኢመርጀንሲ መምታት ማለት ነው፣ ልዩነቱ ማንም ሳይመታው በቀን ሦስት አራት ጊዜ መሆኑ። ለአዲሱ ብሬክ የሌለው ሞተር አደረግን፣ በደህና ጊዜ ኢንቨርተሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) ራሱ መቆሚያው ላይ ያቆመዋል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሪድዩሰሩ ፍሪክሽን ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል። ይሄን ስታደርጉ ግን ጥንቃቄ፣ ብሬክ ከሌለ ጠረጴዛው በሩ ተከፍቶ ለአፍታም ሊሄድ ይችላል፣ እኛ በሩን ጠረጴዛው ሙሉ በሙሉ ካልቆመ የማይከፈት አድርገነዋል፣ ያን ካላደረጋችሁ ብሬኩን አትንኩት።

መብራት ሲመለስ ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጠረጴዛው መንገድ ላይ ቆሟል፣ የማሸጊያው ራስ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ኦፕሬተሯ ስታርት ትጫነዋለች፣ ራሱ ታች ከሆነ ጠረጴዛው ይዞት ሊሄድ ይሞክራል። አሮጌው ላይ ይሄ ሁለት ጊዜ ደርሷል። አሁን የመግቢያው ሻፍት ላይ ያለችው ባለ ጥርስ ዲስክና ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር (ብረት ሲቀርባት የምታውቅ) "ካሙ መቆሚያ ላይ ነው" ካላለችና ራሱ ላይ ያለው ሴንሰር "ላይ ነኝ" ካላለ ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዝዘው ኮምፒውተር) አያስነሳውም፣ መጀመሪያ በጆግ ቀስ ብሎ መቆሚያው ድረስ ይሄዳል። ሴንሰሯ ራሷ በጣም ርካሽ ናት። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ቦታዋን አዘጋጅተው ገመዷን ግን አልቀጠሉትም ነበር፣ ለምን አትበሉኝ።

ሦስተኛው እጅ ነው። ኩባያ ሲጣበቅ ልጆቹ ጠረጴዛውን በትከሻቸው ገፍተው ለማስተካከል ይሞክራሉ። ጠረጴዛውን ከላይ ገፍታችሁ ካሙን ማዞር አትችሉም፣ በተለይ መቆሚያው ላይ ግድግዳው ቀጥ ስላለ የቱንም ያህል ብትገፉ ሮለሩን ነው የምትገፉት፣ ያውም ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያለውን 300 ሚሊሜትር እንደ ማንሻ ይዛችሁ። ማዞር ከፈለጋችሁ መብራቱን ቆርጣችሁ ማብሪያው ላይ ቁልፍ አድርጋችሁ ከታች በመግቢያው በኩል በእጅ መዞሪያው ነው። አንድ ልጅ እኛ ጋ በማርቴሎ ሲመታው ደርሼበታለሁ፣ "ጋሼ ቀስ ብዬ ነው" አለኝ።

እጅ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ይሄ ዕቃ ሲሠራ የቆመ ይመስላል። 1.7 ሰከንድ ዝም ይላል፣ ሰው "ቆመ" ብሎ የወደቀ ፎይል ለማንሳት እጁን ይሰዳል፣ ሞተሩ ግን ከስር እየዞረ ነው፣ ከዛ ያለምንም ምልክት ይነሳል። አንዷ እህታችን በጓንቷ ተርፋለች፣ ጓንቷ ተጎትቶ ሄደ ጣቷ ቀረ። ከዛ ቀን ጀምሮ የፕላስቲክ ሽፋኑን የፈታ ሰው ከእኔ ጋር ነው።

ዘይት። አዲሱ ሲመጣ ውስጡ ዘይት ነበረው፣ ግን ምን እንደሆነ አይጽፍም፣ ለምግብ ማሽን ደግሞ ይሄ አይሆንም፣ ከጠረጴዛው ስር ቢሆንም ለምግብ ቅርብ ስለሆነ ኤች1 የሚል የምግብ ደረጃ ያለው ዘይት ነው የሚያስፈልገው። ቀይረን ሞላን፣ እስከ መስታወቷ ግማሽ ድረስ ብቻ፣ ሞልቶ ማፍሰስ እንክብካቤ የሚመስላቸው አሉ፣ ሲበዛ ይግላል ሲሉንም ይገፋል። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ አንዴ ገልብጠን ቀየርን ምክንያቱም አዲስ ብረት ሲለማመድ ዱቄት ይጥላል። ሪድዩሰሩ ደግሞ ለብቻው ነው፣ ውስጡ የነሐስ ጥርስ ያለው ከሆነ ለመኪና ዲፈረንሻል የሚሸጠውን ሰልፈር ያለበት ዘይት አታድርጉበት፣ ሲሞቅ ነሐሱን ይበላዋል፣ እኛ አሮጌው ላይ ያንኑ ነበር ስናደርግ የኖርነው። ሌላው ሳጥኑን ስታዙ በምን አቀማመጥ እንደሚታሰር ንገሯቸው፣ ጠረጴዛው ወደ ላይ ነው፣ ወደ ጎን ነው፣ ተገልብጦ ነው፣ የመሙያውና የመተንፈሻው ብሎን ቦታ በዛ ነው የሚወሰነው።

ፍጥነት ላይ ከአለቃ ጋር ሁሌም ጭቅጭቅ ነው። ኢንቨርተሩ ላይ 50 ኸርዝ የነበረውን 60 ማድረግ ቀላል ነው፣ ቁልፍ መጫን ነው፣ "ሃያ ፐርሰንት ተጨማሪ ምርት" ይላል። ፍጥነቱ 1.2 ሲሆን ጠረጴዛውን ለማስነሳትና ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ግን በስኩዌር ነው የሚሄደው፣ 1.44 እጥፍ ይሆናል። አሮጌው ላይ ለሞላው የረመዳን ትዕዛዝ ብለን 60 አድርገን ሳንመልሰው ስድስት ወር ሄደ። አሁን ፓራሜትሩን በፓስዎርድ ዘግቼዋለሁ፣ ፓስዎርዱን አለቃዬ እንኳን አያውቀውም። ይሄን እንደማያነብ ተስፋ አለኝ።

ፍሪሲዮኑ ደግሞ አለ፣ ኦቨርሎድ ክላች የሚባለው፣ ጭነት ከልክ ሲያልፍ የሚለቅ። ያለሱ ሲሸጥ ዋጋው ይቀንሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ሰው ሞተሩ ጋ ወይ መግቢያው ጋ ያደርገዋል፣ ግን መቆሚያው ላይ እያለ ጠረጴዛው ቢመታ መግቢያው ምንም አይሰማውም፣ ሮለሩ ይሰበራል ፍሪሲዮኑ ያንቀላፋል። መሆን ያለበት በሳጥኑና በጠረጴዛው መሃል ነው፣ ሲለቅም በዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተመልሶ የሚገጥም መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ጣቢያዎቹ ይቀያየራሉ። ከሁለተኛው ጋር አብረን ገዛነው። በ14 ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ለቋል፣ ማለትም አምስት ጊዜ ሮለር ሊሰበር ነበር።

የማልወደውን ልናገር። መመሪያው ስድስት ገጽ ነው፣ አራቱ ፎቶ። የመለዋወጫ ቁጥር የለም። የመግቢያው ኦይል ሲል በዘጠነኛው ወር ማላብ ጀመረ፣ ልኩን በካሊፐር ለክቼ ሶማሌ ተራ ሄጄ የመኪና አገኘሁ፣ ገጠመ፣ እስካሁን ደህና ነው፣ ግን ይሄ ሻጩ ሊነግረኝ የሚገባ ነገር ነበር። ቀለሙ ደግሞ በሳሙናው ገና በሁለተኛው ወር መላጥ ጀምሯል። ትክክለኛነቱ ላይ ግን ቅሬታ የለኝም፣ ወረቀቱ ላይ 30 ሰከንድ ይላል፣ የሰዓት ሰከንድ አይደለም የዲግሪ ነው፣ አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ ስለሆነ በእኛ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ 0.04 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። እኔ አዲስ እያለ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) 0.06 አገኘሁ፣ ባለፈው ዐቢይ ጾም ስለካው 0.08። ለእርጎ ኩባያ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ለሰዓት ወይ ለመርፌ መገጣጠሚያ ማሽን ከሆነ የምትፈልጉት ካምኮ፣ ሳንክዮ፣ ዌይስ የሚባሉት አሉ፣ አቅም ካላችሁ እነሱን እዩ። ሰርቮ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ሞተር) ይሻላል የሚሉኝም አሉ፣ የጣቢያውን ቁጥር እንደፈለጋችሁ የምትቀያይሩ ከሆነ አዎ ይሻላል፣ እኛ ግን ዕድሜ ልካችንን 8 ነን፣ ሰርቮው ሲበላሽ ደግሞ ላፕቶፕ የያዘ ሰው መፈለግ አለ፣ ይሄኛው በቁልፍና በፒንሳ ይፈታል።

ከ5 ስንት ብትሉኝ ለሳጥኑ 4፣ ለሻጩ አገልግሎት 2።

ከጾም ጋር አያይዤ ነው የምፈትሸው፣ ምክንያቱም የእርጎ ገበያ የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው፣ ማሽኑን ለሁለት ቀን አቁሙልኝ ብል ማንም አይጮህብኝም። በዐቢይ ጾሙ ስከፍተው ዘይቱ ንጹህ ነበር፣ የማፍሰሻው ማግኔት ላይ ትንሽ ዱቄት ብቻ። አሁን ሐምሌ ላይ ነን፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ እንደገና አፈሰዋለሁ፣ ያቺን የሶማሌ ተራ ሲልም አያታለሁ። ቀለሙ ማኪያቶ ከሆነ መጥቼ ኮከቡን እቀንሳለሁ።